ግራዝማች ሲበሉ

ባለፈው ሳምንት ኤልሳቤጥ ደወለችልኝ። ድምፅዋን ከሰማሁ ብዙ ዓመት ስለሆነኝ መጀመሪያ አልለየኋትም። አባቷ ግራዝማች ልዑልቃል ማረፋቸውን ሰምቼ ነበር። ዘጠናን አልፈው፣ በሞቀ አልጋ ላይ፣ ሐኪም በግራ ቄስ በቀኝ ቆሞላቸው ነው የሄዱት።

"ፀዲዬ፣ የአርባቸውን ፕሮግራም እያዘጋጀን ነው" አለችኝ። "ሶ፣ አንቺን እንደ አያት ሆነው አይደል ያሳደጉሽ፤ አንድ አምስት ደቂቃ ብትናገሪልን። በእንግሊዝኛም ቢሆን ኦኬ ነው።"

እንደ አያት አለችኝ። እየነዳሁ ስለነበር መኪናዋን ዳር አስያዝኳት። ሰው ሲሞት ክፉውን መርሳት ነው ይላሉ፤ እንዲህ የሚሉት ግን ሁልጊዜ ክፉው ያልደረሰባቸው ሰዎች ናቸው። አልናገርም አልኳት። ለምን ስትለኝ "አምስት ደቂቃ አይበቃኝም" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

የሚበቃኝን ያህል እዚህ ልናገር።

ስምንት ዓመቴ ነበር። እኔና አገሬ የምትባለው እናቴ አሜሪካ፣ ሲያትል አጠገብ፣ ሬንተን ኮረብታው ላይ፣ ኤልሳቤጥ ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ እንኖር ነበር። መስኮታችን ከሣሩ እኩል ስለነበር ከሰው የምናየው ጫማውን ብቻ ነው። ሲዘንብ ጭቃው እየተፈናጠረ መስታወቱን ይሸፍነዋል፤ እናቴ ወጥታ ትወለውላለች፤ ተመልሶ ይዘንባል። ፎቅ ላይ ኤልሳቤጥና አባቷ ነበሩ። ሁለት መኝታ ክፍል ባዶውን ይውል ነበር። እኛ ለምን ታች እንደሆንን ጠይቄ አላውቅም። ልጅ ያገኘውን ሁሉ ዓለም እንዲህ ናት ብሎ ነው የሚቀበለው፤ ለእኔም ቤተሰብ ማለት ከፊሉ ላይ ከፊሉ ታች የሚኖር ነገር ነበር።

ግራዝማች አያቴ ናቸው ብዬ አምን ነበር። አያትሽ ናቸው ያለኝ የለም፤ አይደሉም ያለኝም የለም። ሽማግሌ ናቸው፣ ነጭ ፂም አላቸው፣ እናቴ ጠዋት ጠዋት ጉልበታቸውን ትስማለች፣ ሲመሽ እግራቸውን በሞቀ ውኃ ታጥባቸዋለች። አያት ከዚህ ሌላ ምን ይሆናል? "ግራዝማች" ማዕረግ መሆኑንም አላውቅም ነበር። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ይመስለኝ ነበር።

ማዕረጉን የሰጣቸው መንግሥት ከወደቀ ያኔ ሃያ አምስት ዓመት አልፎታል። መሬት ላራሹ ተብሎ ታውጇል። ወሎ ውስጥ የነበራቸው ጋሻ መሬት ተወርሷል፣ አዲስ አበባ የነበራቸው ቤት ተወስዷል፣ ጭሰኛ የሚባል ነገር ቀርቷል ተብሏል። የወረሳቸው ደርግ ራሱ ወድቆ ሌላ መጥቷል። በዚህ ሁሉ መሃል ያልተወረሰባቸው አንድ ንብረት ቢኖር እኛ ነበርን።

አመጣጣችንም ቢሆን ያው ነው። ዲቪው የደረሰው ለእናቴ ነው። አባቴ እኔ ጡት ሳልጥል ሞቶ፣ እናቴ አዲስ አበባ የግራዝማች ዘመዶች ቤት እያገለገለች፣ የማታ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ራሷ ሞልታ ራሷ ደረሳት። ኤልሳቤጥ ያደረገችው ነገር ቢኖር ስፖንሰር ሆና መፈረም ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ግን ላገኘችው ሰው ሁሉ "እኛ ነን ያመጣናት" ትል ነበር። እናቴ አጠገቧ ቆማ አዎን አዎን ትላለች። የገዛ ዕድሏን እንኳ ከእነሱ የተሰጣት አድርጋ ነበር የምትቆጥረው፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አሁን ወደ ምግቡ ልምጣ። ግራዝማች ሲበሉ አይታዩም። ገበታው ከቀረበ በኋላ እናቴ ሰፊ ነጠላዋን በሁለት እጇ ወጥራ ፊት ለፊታቸው ትቆማለች። ጨርቁ ከአገጯ ተነሥቶ ወለሉ ድረስ ይወርዳል። እሳቸው ከጨርቁ ወዲያ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ከጨርቁ ወዲህ። የሚሰማው የሳህኑ ኮሽታና የእሳቸው ትንፋሽ ብቻ ነው። እናቴ ራሷም ብትሆን ፊቷን ወደ ጎን ትመልሳለች እንጂ አታያቸውም። ሲጨርሱ "ተመስገን" ይላሉ፤ ያኔ ነጠላው ይወርዳል።

ዛሬ ነገሩን አውቄዋለሁ። የድሮ ጌታ ሲበላ የተራ ሰው ዓይን እንዳያርፍበት፣ ቡዳ እንዳይበላው፣ አሽከር ይጋርደዋል። በቡዳነት የሚጠረጠረው ማን እንደሆነ ልብ በሉ። ያረሰው፣ የፈጨው፣ የጋገረው ሰው ነው።

ያኔ ግን የማውቀው መጋረጃ አንድ ብቻ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ። እሑድ በቅዳሴ ሰዓት መጋረጃው ሲዘጋ ከኋላው ሰው ሊያየው የማይገባ ቅዱስ ነገር እንደሚደረግ እናቴ ነግራኛለች። ስለዚህ ግራዝማች ሲበሉም ከነጠላው ኋላ እንዲህ ያለ ነገር አለ ብዬ ደመደምኩ። ፊታቸው ያበራ ይሆናል። መልአክ ያጎርሳቸው ይሆናል። እናቴ ደግሞ የቤቱ ዲያቆን ናት። በእሷ የምኮራውን ያህል የክፍሌ ልጆች አባታቸው በሚነዳው መኪና አይኮሩም ነበር።

መጠጡም የራሱ ሥርዓት ነበረው። እናቴ የብርቱካን ጁሱን ስታቀርብ በመጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ከዚያ በሁለት እጇ ትሰጣቸዋለች። መርዝ እንደሌለበት ማሳያ መሆኑ ነው፤ ከሱቅ በካርቶን ታሽጎ የመጣ ጁስ። እኔ የጨዋ ሰው አቀራረብ መስሎኝ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ምሳ ላይ የጓደኛዬን ወተት ከፈትኩላትና በመዳፌ ቀምሼ በሁለት እጄ አቀረብኩላት። ልጅቱ ጮኸች። መምህራችን እጄን ወስዳ አስታጠበችኝ። ለእናቴ ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን መዳፌን ገልብጣ ብዙ ጊዜ አየችውና "ሁለተኛ እንዳታደርጊ" አለችኝ። ወተት ያባከንኩ መስሏት የተቆጣች መሰለኝ።

ዋናው ምኞቴ ግን ነጠላው ነበር። ምድር ቤት ስሆን የገላ ፎጣ ወጥሬ ለአሻንጉሊት ድቤ እጋርድለታለሁ። ድቡ ሲሪያል ይበላል፤ እኔ እንደ እናቴ ፊቴን ወደ ጎን መልሼ እቆማለሁ። አንድ ቀን እናቴ የታጠበ ልብስ ታቅፋ በሩ ላይ ስትደርስ አየችኝ። ልብሱን ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ቧንቧውን ከፈተች። ውኃው ሲፈስ ቆየ። ገላዋን እየታጠበች ነው ብዬ ድቤን ማብላቴን ቀጠልኩ። ስትወጣ ፀጉሯ ደረቅ እንደነበር ልብ ያልኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

ቅጠል በሚረግፍበት ወራት የእናቴ ቀኝ ትከሻ ታመመ። ክንዷ ከደረቷ በላይ አልነሣም አለ። ያን ቤት ምንጣፉን የምትጠርገው፣ ልብሱን የምታጥበው፣ በቀን ሦስት ጊዜ ነጠላ ወጥራ የምትቆመው እሷ ናት፤ ይህን ማንም እንደ ሥራ አይቆጥረውም ነበር። ኤልሳቤጥ ቲለኖል የሚሉትን የሕመም ማስታገሻ ሰጠቻት።

በዚያው ሰሞን የሐበሻ ሱቅ ውስጥ ከነጂባ ጋር ተዋወቁ። ነጂባ ወሎዬ ናት፣ ኬንት ከተማ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች፣ ስትስቅ ሱቁ በሙሉ ይዞራል። እኔ አልወደድኳትም። ግራዝማችን "ሰውዬሽ" ነበር የምትላቸው።

"ሰውዬሽ ዛሬም ተጋርዶ ይበላል?" ትላታለች ለእናቴ።

"ተይ ነጂባ፣ ልጅ ትሰማለች።"

"ትስማ እንጂ። አዋጁ ሬንተን አልደረሰም እንዴ፣ ሴትዮ? መንገድ ጠፍቶት ነው?"

አዋጅ ማን እንደሆነ አላወቅሁም። መንገድ የጠፋው እንግዳ መሰለኝና አዘንኩለት። ከዚያ ወዲያ ዝናብ በጣለ ቁጥር መስኮቱ ሥር ቆሜ አዲስ ጫማ ይመጣ እንደሆነ እጠብቅ ነበር። አንድ ጊዜ የፖስተኛውን ቦት አይቼ "አዋጅ መጣ" ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። ሳቋን አፍና "አልመጣም፣ የኔ ልጅ" አለችኝ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ግራዝማች ዝክር ደገሱ። የደገሱት እሳቸው ናቸው ይባላል እንጂ ሦስት ቀን ሙሉ ቆማ የሠራችው እናቴ ናት። ከሲያትልም ከኤቨረትም እንግዳ መጣ። ቄስ ነበሩ፣ ሽማግሌዎች ነበሩ፣ ክራባት ያሰሩ የተማሩ ሰዎች ነበሩ፣ ቪዲዮ ካሜራ የያዘ ወጣትም ነበር። እንግዳው ሁሉ ሶፋ ላይ ሳህኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይበላል። ግራዝማች ብቻ ጥቁር ካባቸውን ለብሰው በትልቁ ወንበር ተቀምጠዋል። እናቴ ነጠላውን ወጥራ ቆመች።

"ይህን ወግ ዛሬ የት ታገኘዋለህ?" አለ አንዱ ክራባት ያሰረ።

"ቅርስ ነው እንጂ፣ ቅርስ" አለ ሌላው አፉን ሞልቶ። "ልጆቻችን ሊያዩት ይገባል።"

ካሜራው ወደ እናቴ ዞረ። እነዚህ ሰዎች ወጣት ሳሉ ከእነሱ አንዳንዶቹ መሬት ላራሹ እያሉ አደባባይ የወጡ እንደነበሩ በኋላ ሰማሁ። የዚያን ዕለት ግን አራሹ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ክንዱ ሲዝል እያዩ ዶሮ ወጥ ይበሉ ነበር።

ነጠላው በቀኝ በኩል ዝቅ አለ። እናቴ መለሰችው። እንደገና ዝቅ አለ። ላብ ከጆሮ ግንዷ ላይ ሲወርድ ይታየኛል።

"አገሬ፣ ምነው?" አሉ ግራዝማች ከጨርቁ ኋላ።

"ክንዴ ነው ጌቶች። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"አይዞሽ፣ አይዞሽ" አሉ። ድምፃቸው ደግ ነበር። ይህን ማለት አለብኝ፤ ሰውየው አይጮሁም፣ አይሳደቡም፣ እናቴን በእጃቸው ነክተዋት አያውቁም። ሰው እንዲህ ያለውን ጌታ ነው ደግ ብሎ የሚያለቅስለት። "ልጅቱ አለች አይደል? ፀዲ ትያዘው። አያትሽ ለአባቴ ያዘ፣ አባትሽ ይመር ለእኔ ያዘ፣ አንቺም ያዝሽ። እሷ ደግሞ ነገ ለኤልሳ ትይዛለች።"

"አሜን" አለ ቤቱ።

አሜን አሉ። ቄሱም ጭምር።

እኔ በደስታ ልቤ ሊወልቅ ነበር። ኤልሳቤጥ ከወጥ ቤት በርጩማ አመጣችልኝ። ወጣሁበት። እናቴ አልሰጠችኝም፤ እኔ ነኝ የነጠላውን ጫፎች ከእጇ የወሰድኩት። ሽንኩርትና ሳሙና ይሸታል። እንደተለማመድኩት ወጠርኩትና ፊቴን ወደ ጎን መለስኩ። ሰዎቹ ሳቁ፣ "እደጊ፣ እደጊ" አሉ፣ ካሜራው ወደ እኔ መጣ። በአንድ ዓይኔ ሰርቄ ላየው ነው፣ መልአኩን ላየው ነው እያልኩ ነበር።

ያኔ የእናቴ እጅ መጣ። ነጠላውን ከእጄ ላይ ወሰደችው። ቀስ ብላ አራት እጥፍ አድርጋ አጠፈችውና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። ከዚያ እጆቿን አጣምራ ግራዝማችን ትክ ብላ አየቻቸው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ሲበሉ ያየቻቸው።

እኔም አየሁ። አንድ ሽማግሌ በአንድ ጎናቸው እያላመጡ ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። ፂማቸው ላይ ወጥ ነበር። የያዙት ጉርሻ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ። ሌላ ምንም አልነበረም።

"ይብሉ ጌቶች" አለች እናቴ። "እዚህ የሚበላዎት የለም።"

ካሜራ የያዘው ልጅ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ "የኔ ተራ ነው፣ የኔ ተራ ነው" እያልኩ በእንግሊዝኛ። እናቴ የቀናችብኝ መሰለኝ። የተመረጥኩት እኔ ስለሆንኩ አስቀናት፣ መልአኩንም በድፍረቷ አባረረችው ብዬ አመንኩ። ከበርጩማው ስታወርደኝ ትከሻዋን ነከስኳት፤ የታመመውን።

ኤልሳቤጥ ወጥ ቤት ድረስ ተከተለችን። "ሶ ይሄ ነው ምስጋናሽ? በእንግዳ ፊት? ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል፣ አገሬ። እኛ ባናመጣሽ የት ነበርሽ?"

"ዲቪው የደረሰው ለእኔ ነው" አለች እናቴ። ይህን ዓረፍተ ነገር ስትናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ስልኩን አንሥታ ለነጂባ ደወለች።

ሳይመሽ ወጣን። ሻንጣችንን ይዘን በሳሎኑ ስናልፍ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ ከመቀመጫው አልተነሣም። "የበላችበትን ወጪት ሰባሪ" የሚል ድምፅ ከኋላችን ሰማሁ። ዛሬ እነዚያን ሰዎች ለቅሶ ቤት አገኛቸዋለሁ። ስለ ዲሞክራሲ ያወራሉ።

የነጂባ አፓርታማ ኬንት ውስጥ ባቡር ሐዲዱ አጠገብ ነበር። ባቡር ሲያልፍ ብርጭቆው ይንጫጫል። እናቴን መጋዘን አስቀጠረቻት፤ ቀን እየሠራች ማታ ከእኔ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ትተኛ ነበር። እኔ ግን አኩርፌያለሁ። "ለምን ከአያቴ ቤት አወጣሽኝ?" እላታለሁ።

"አያትሽ አይደሉም" ትለኛለች።

አላመንኳትም። የተጣሉ ልጆች "ከዛሬ ጀምሮ ጓደኛዬ አይደለሽም" ይባባሉ የለ? እሷም እንደዚያ የምትል መሰለኝ።

እናቴ ብዙ ሳምንት ቆማ ነው የበላችው። ሳህኗን ይዛ ከምድጃው አጠገብ ትቆማለች። "ቁጭ በይ ሴትዮ፣ ወንበሩ አይነክስም" ትላታለች ነጂባ። ትቀመጣለች፣ ሁለት ጊዜ ትጎርሳለች፣ ሳታውቀው ተመልሳ ትቆማለች። ያኔ ወንበር የጠላች ነበር የሚመስለኝ። ሰው መቀመጥን እንደ አዲስ ይማራል ብሎ ማን ያስባል?

ገና ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ በምሳ ሰዓት፣ በሩ ተንኳኳ። ኤልሳቤጥና ግራዝማች ነበሩ። ሮጬ ጉልበታቸውን አቀፍኩ። ከስተዋል። ኤልሳቤጥ ገና ሳትቀመጥ "ዳዲ ምግብ አልበላም ብሏል" አለች። "ሶ፣ ያለፈው አልፏል፣ ኦኬ? ያንቺን እጅ ለምዶ ነው።" ይቅርታ ለመጠየቅ አልነበረም የመጡት። የጠፋባቸውን ንብረት ሊወስዱ ነው።

"ግቡ፣ ምሳ ደርሷል" አለች እናቴ። እንግዳ በሯ ላይ አቁማ አታውቅም። ያለንን አቀረበች፤ ሽሮ፣ ጎመን፣ አንድ ትሪ ላይ። ለግራዝማች ወንበር ሳበችላቸው። ከዚያ ሌላ ወንበር ሳበችና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። እጇን ታጠበች፣ ቆረሰች፣ በላች። እኔንም አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ነጂባ በሩ ሥር ቆማ ትመለከታለች።

ግራዝማች እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀሩ። ትሪውን ያያሉ፣ እናቴን ያያሉ። መራባቸው ያስታውቃል። ከይመር ልጅ ጋር ከአንድ ትሪ ከመብላት ግን መራቡን መረጡ።

ከዚያ ተነጋገሩ። ሁለቱ በወሎ አነጋገራቸው ፈጥነው ሲያወሩ ግማሹ ያመልጠኝ ነበር። የተባባሉትን ሙሉውን ከዓመታት በኋላ የነገረችኝ ነጂባ ናት።

"አባትሽ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?" አሉ ግራዝማች። "ይመር ሰው ነበር። አዋጁ ወጥቶ፣ መሬቱ ያንተ ነው ተብሎ ተሰጥቶት እንኳ አልከዳኝም። አዲስ አበባ ድረስ እህሌን በስውር ይልክልኝ ነበር። በሰባ ሰባት እንኳ፣ በዚያ ክፉ ቀን፣ ጤፌን አላስቀረብኝም።"

"አውቃለሁ" አለች እናቴ። "አህያዋን እስከ መኪናው መንገድ የነዳኋት እኔ ነኝ።"

"እግዜር ይስጥሽ።"

"ያ ጤፍ ከቤታችን የወጣው የመጨረሻው እህል ነው ጌቶች። በሳምንቱ እኅቴን ዘሪቱን ቀበርን። ቀጥሎ ሕፃኑን። አባቴ መቃብሩን ቆፍሮ ሲመለስ የጌታዬን አደራ አልበላሁም አለ።"

"አላወቅሁም" አሉ ግራዝማች።

"አልጠየቁም።"

"አምጣ አላልኩትም እኮ። በገዛ እጁ ነው የላከው።"

"አልመለሱትምም" አለች እናቴ።

በዚያ ዘመን ኤልሳቤጥ ከአሜሪካ ዶላር ትልክላቸው ነበር። አልተራቡም። ያን ጤፍ አልፈለጉትም፤ ስለመጣ ብቻ ተቀበሉት። እኔን የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። ቢራቡ ኖሮ እንኳ ይቅር እላቸው ይሆናል። አያቴን ይመርንም አልምርም፤ ነፃ ወጥተሃል ተብሎ ወረቀት ተሰጥቶት የልጆቹን አፍ ዘግቶ ግብር የሚከፍል ሰው እንዴት ይባላል? ጨዋ ይባላል። በእኛ አገር ስሙ ጨዋ ነው።

እኔ ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዝኩት ሁለት ቃል ነው፤ ጤፍና ዘሪቱ። በጤፍ የተጣሉ መሰለኝ። ግራዝማች ጤፍ ጎድሏቸው፣ እናቴ ከልክላቸው። ቀላል ነገር ነበር። ከወንበሬ ወርጄ ወጥ ቤት ገባሁ፣ ነጂባ የገዛችውን ትልቁን የጤፍ ዱቄት ከረጢት በሁለት እጄ ይዤ ምንጣፉ ላይ እየጎተትኩ አመጣሁና ግራዝማች እግር ሥር አደረስኩት።

"ይኸው አባባ" አልኳቸው። "ይውሰዱት።"

ቢያፍሩ ኖሮ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢያፍሩ ኖሮ፣ ይህን ሁሉ ዛሬ አልጽፍም ነበር። ግራዝማች ፊታቸው በራ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

"ተባረኪ" አሉኝ። "ዘር ከልጓም ይስባል። የይመር ልጅ! ኤልሳ፣ ተቀበያት።"

ኤልሳቤጥም ጎንበስ ብላ የከረጢቱን ጆሮ ያዘች። አላሰበችበትም። እጇ ራሱ ነው የሄደው።

እናቴ ስትነሣ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። ከረጢቱን ከኤልሳቤጥ እጅ ነጠቀችው፣ በታመመው ክንዷ አንሥታ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ስትናገር ድምፅዋ ከፍ አላለም።

"ይህ ከዚህ ቤት አይወጣም።"

ነጂባ በሩን ከፈተችው። ግራዝማች ቆብ ደፍተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ አንዲት ጉርሻ ሳይቀምሱ ወጡ። ልሸኛቸው ብዬ ስከተላቸው እናቴ ቀሚሴን ያዘች። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ የወደቀውን ወንበር አንሥታ ተቀመጠች፤ እኔንም ወንበሬ ላይ መለሰችኝ። ትተነፍሳለች፣ ትንፋሿ ይሰማል።

"ብይ" አለችኝ።

"ሳይበሉ እኮ ነው የሄዱት" አልኳት እያለቀስኩ። "ርቧቸዋል።"

"ዘሪቱም ሳትበላ ነው የሄደችው" አለች እናቴ።

ዘሪቱ ማን እንደሆነች አላውቅም ነበር። ለምሳ ተጠርታ የነበረች ሌላ ልጅ መሰለችኝ። ምናልባት ገና ደረጃው ላይ ትሆናለች፣ ምናልባት ትመለስ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ወንበሬ ላይ ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅኩላት።